መንገዱ ሲዘጋ እግሩ የት ይሄዳል?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። በተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች ውስጥ ያሉ የእግር መንገዶች በሙሉ ይዘጉ፣ በሩም ለጎብኚ ይቆለፍ የሚል ነው። ጽሑፉ በደንብ ተጽፏል። ጸሐፊው ተፈጥሮን ከልባቸው እንደሚወዱ ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ ያስታውቃል። መልስ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው። ደን የሚወድ ሰው ደኑን የሚጎዳ ምክር ሲሰጥ ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ለዓመታት በእረፍት ቀኖቼ አካፋና ዶማ ይዤ፣ የጫካ መንገድ ከሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ስውል ኖሬያለሁ። የምጽፈው ያየሁትን ካነበብኩት ጋር እያስተያየሁ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የሰው እግር በረገጠበት ሁሉ ሣር ይሞታል፣ አፈር ይጠጥራል፤ ስለዚህ ጉዳት የማያደርስ ጎብኚ የለም ይላሉ። አንድ መንገድ ከተከፈተ አሥር አቋራጭ ይወልዳል ይላሉ። የዱር እንስሳት ዝምተኛውንም ጯኺውንም እኩል ይሸሻሉ። የጎብኚ ቁጥር ገደብ፣ ፈቃድና የመግቢያ ሰዓት ወረቀት ላይ እንጂ መሬት ላይ ሠርተው አያውቁም፤ ለዚህም ማያ ቤይ የተባለችውን የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ በምሳሌነት ያቀርባሉ። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚሠራው የእንጨት መረማመጃ ጫካውን ከተማ ማድረግ ነው። በመጨረሻም ‹‹ሰው ያየውን ይወዳል፣ የወደደውን ይጠብቃል›› የሚለው አባባል ራስን ማታለያ ነው፤ ደን የሚጠበቀው በአጥርና በዘበኛ ብቻ ነው፣ ለመንገድ ጥገና የሚወጣው ገንዘብም ለዘበኛ ይዋል ብለው ይደመድማሉ።

እግር ሣር ይገድላል፣ አፈር ያጠጥራል የሚለው እውነት ነው። የጠጠረ አፈር ውኃ አያሰርግም። ሥር እንደ ልብ አያስገባም። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ላይ ላዩን ይሄዳል፣ አፈሩንም ይዞት ይወርዳል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ጸሐፊው ግን እዚህ ጋ ቆሙ። ዋናው ጥያቄ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ይበልጥ የሚጎዳው ስንተኛው እግር ነው?

ይህን የፈተሸ ሰው አለ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት ዴቪድ ኮል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ሥራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በአምስት ተራራማ አካባቢዎች፣ 18 ዓይነት የዕፅዋት ሽፋን ላይ ሰው እያስረገጡ ሞክረዋል። አንዱ ቁራሽ መሬት 25 ጊዜ ተረገጠ። ሌላው 75፣ ሌላው 200፣ ሌላው 500 ጊዜ። ጉዳቱ በረጋጩ ቁጥር ልክ አልጨመረም። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ያሻቅባል፤ ከዚያ በኋላ ጭማሪው እየቀነሰ ይሄዳል። አንዳንዱ ዕፅዋት እንደሚችል፣ አንዳንዱም በጥቂት እርምጃ እንደሚያልቅ አይተዋል። ባጭሩ ግን ሣሩን የሚጨርሱት ቀድመው ያለፉት ናቸው። አምስት መቶኛው ሰው ሲደርስ የሚጎዳው ነገር ብዙም አልተረፈም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናስበው። መቶ ሰው በአንድ መስመር ቢሄድ የሚራቆተው አንድ መስመር ነው። መቶ ሰው እግሩ እንዳመጣለት ቢበታተን ግን መቶ ቦታ ላይ ‹‹የመጀመሪያው እግር›› ያርፋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ያ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ ነው እኔ መንገድን እንደ አጥር የማየው። የድንበር አጥር ሰውን ከውጭ ያግዳል። መንገድ ደግሞ የገባውን ሰው በቀጭን መስመር ላይ ይዞ የቀረውን መሬት ያስመልጣል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር አለ። ሰው እምብዛም በማይደርስበት ሩቅ ስፍራ ነገሩ ይገለበጣል። በዓመት አሥር ሰው ብቻ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ አሥሩ ተበታትነው ቢሄዱ ይሻላል፤ አንድ ላይ ከሄዱ ያልነበረ መንገድ ይፈጥራሉ። ክርክራችን ግን ስለዚያ ዓይነት ቦታ አይደለም። ሰው በየሳምንቱ ስለሚጎርፍበት፣ ለመኖሪያ ቅርብ ስለሆነ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ወደ አቋራጮቹ ልለፍ፤ ይህኛው እጄን ያቆሸሽኩበት ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

አንድ መንገድ አሥር አቋራጭ ይወልዳል ይላሉ። አዎ፣ ሲወልድ አይቻለሁ። ያልነገሩን ለምን እንደሚወልድ ነው።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ከአንዲት ጭቃ ቦታ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አረፈድኩ። መንገዱ እዚያ ጋ አንድ እርምጃ ያህል ስፋት ነበረው። መሐሉ ላይ ውኃ ተኝቷል። የመጀመሪያዋ ሴት መጣች። ጭቃውን አየች፣ ጫማዋን አየች፣ ግራ እግሯን ዳር ባለው ሣር ላይ አሳረፈች። ሁለተኛው ሰውዬ ሲደርስ እሷ የረገጠችው ሣር ጭቃ ጀምሮታል፤ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብሎ ረገጠ። ከኋላው ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት መጣ። እንዳያዳልጠው ፈርቶ ይበልጥ ራቀ። ከዚያ ሦስት ወጣቶች ወሬ ይዘው እየሳቁ በቀኝ በኩል ዞሩ። ረፋዱ ላይ ያ አንድ እርምጃ አምስት እርምጃ ሆኖ ነበር። ዳር ላይ የነበሩት ሐምራዊ አበቦች ጭቃው ውስጥ ገብተዋል። ከመጡት ሰዎች አንድም ለክፋት ያደረገ የለም። ሁሉም ጫማው እንዳይበላሽ ነው ያሰበው።

በሌላ ቀን አራት ሆነን ተመለስን። ከመንገዱ በታች በኩል ውኃው የሚወጣባት አንዲት ጠባብ ቦይ ቆፈርን። መሐሉ ላይ ሰባት ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀበርን፤ አንዱ ከሌላው በአንድ እርምጃ ርቀት። ግማሽ ቀን አልፈጀብንም። በሚቀጥለው ዝናብ ሄጄ አየሁ። ሰው ሁሉ ድንጋዩን እየረገጠ ያልፋል። ማስታወቂያ አልለጠፍንም፣ የተቆጣም የለም። ሁለት የዝናብ ወራት ካለፉ በኋላ ሣሩ ከሁለቱም ዳር ወደ መሐል ተመልሶ ድንጋዮቹ ጋ ደረሰ።

እግር ብቻውን መንገድ አያበላሽም። ትልቁ ጠላት ውኃ ነው። አቀበቱን ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ የጎርፍ ቦይ ከመሆን አያመልጥም። ውኃው ቁልቁል መንገዱን ይዞ ይሮጣል፣ አፈሩን ይጠርጋል፣ የዛፍ ሥር ያወጣል። ሰውም ለመራመድ ስለሚከብደው ጎን ለጎን ሌላ ይከፍታል፤ ያም በተራው ቦይ ይሆናል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። የመንገድ ሠራተኞች ለዚህ አንዲት ቀላል ሕግ አለቻቸው። የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። የተራራው ጎን በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ከሆነ መንገዱ በ100 ሜትር ከ10 በላይ አይውረድ። ከዚያ ካለፈ ውኃው መንገዱን አቋርጦ መሄዱን ይተውና መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል። በዚያ ላይ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ጎን በትንሹ ያዘነብላል። በየተወሰነ ርቀትም ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ ይላል፤ ውኃው እያንዳንዷ ዝቅታ ጋ ወጥቶ ይሄዳል።

እንዲህ በተሠራ መንገድ ላይ አቋራጭ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው፤ ምቾት ካለበት ማን ይወጣል? አቋራጭ የበዛበት ቦታ ሳይ መጀመሪያ የምመረምረው መንገዱን ነው። ሰዉ ላይ የምፈርደው ከዚያ በኋላ ነው።

ይልቅ መዝጋት ምን እንደሚወልድ ላውጋችሁ። የማውቀው አንድ ጥብቅ ስፍራ ነበር። የሚያስተዳድረው ክፍል አንድ ቀን ድንገት ዋናውን መንገድ ዘጋ። በሩ ላይ ሰንሰለት ታሰረ። ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚል አንዲት መስመር እንኳ አልተጻፈም። ሁለት ወር ሳይሞላ አጥሩ ሦስት ቦታ ተቀደደ። ከእያንዳንዷ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የሚሄድ አዲስ ዱካ ነበር። አንደኛው ረግረጉን መሐል ለመሐል ይሰነጥቃል። የድሮው መንገድ ግን ረግረጉን ዞሮ ነበር የሚያልፈው፤ ከዓመታት በፊት የቀየሱት ሰዎች አስበውበት። ጸሐፊው ‹‹ዝጉት›› ሲሉ ሰው የሚቀርላቸው ይመስላቸዋል። እኔ ያየሁት ሰው መምጣቱን ሳይተው፣ የተሠራለትን መንገድ ብቻ ሲተው ነው።

እንስሳቱ ላይ ግን ጸሐፊው ከእኔ ወገን ካሉ ብዙዎች ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባሉ። ‹‹በእግር የሚሄድ ሰው እንስሳ አይረብሽም›› የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ዳሰሳ ሰው በተፈጥሮ ውስጥ ሲዝናና በእንስሳት ላይ ስለሚያደርሰው ተጽዕኖ የተሠሩ 274 ጥናቶችን አገላብጧል። ከእነዚህ 93 በመቶው ቢያንስ አንድ ተጽዕኖ አግኝተዋል፤ አብዛኛውም መጥፎ ነው። በ2008 የታተመ የሰሜን ካሊፎርኒያ ጥናት ደግሞ በጸጥታ ለሚጓዙ እግረኞች የተከፈቱና የተዘጉ ጥብቅ ስፍራዎችን ጎን ለጎን አወዳድሮ ነበር። ክፍት በሆኑት ውስጥ እንደ ኮዮቴ (ተኩላ መሰል) እና ቦብካት (የዱር ድመት) ያሉ የአካባቢው አዳኝ እንስሳት ብዛት ከአምስት እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ። ጸሐፊው ይህን ጥናት ባይጠቅሱትም እኔ ልጠቅስላቸው ይገባል።

‹‹እኩል ይሸሻሉ›› የሚለው ቃል ግን ስህተት ነው። ጠቅላላ መደምደሚያቸውም የቆመው በእሱ ላይ ነው። በ2007 በሲድኒ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ውሻ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ባለፉበት ቦታ ማንም ካላለፈበት ጋር ሲነጻጸር የአእዋፍ ዓይነት በ35 በመቶ፣ ብዛታቸው በ41 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ውሾቹ በገመድ የታሰሩ ነበሩ። ያለ ውሻ የሄዱት ሰዎችም ረብሸዋል፤ ነገር ግን ረብሻቸው በአብዛኛው የውሻውን ግማሽ አያክልም። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመንገድ ወጥቶ የሚሄድ ሰው አጋዘኖችንና ወፎችን በመንገድ ላይ ከሚሄደው የበለጠ ከሩቅ እንደሚያስደነብር አሳይቷል። ነገሩ ሲያስቡት ግልጽ ነው። ሁልጊዜ በአንድ መስመር የሚያልፍ ሰው ለእንስሳው የታወቀ ነገር ነው። ከቁጥቋጦ ውስጥ በድንገት ብቅ የሚል ግን አዳኝ ነው የሚመስለው።

ስለዚህ እዚህ ላይ የሚያዋጣው ቦታውን መከፋፈል ነው። ይህ እኔ ያመጣሁት አዲስ ነገር አይደለም። የዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች አሠራር በዚሁ ላይ የቆመ ነው። መሐል ላይ ሰው የማይነካው እምብርት ይኖራል። በዙሪያው ቁጥጥር ያለበት ቀለበት ይደረጋል። ከዚያ ውጭ ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት ክፍል ነው። ለመንገድም እንዲሁ ነው። መንገዶቹ ዳር ላይ ይሰብሰቡ። እምብርቱ አንድም መንገድ አይግባበት። ውሻ የሚባል ነገር አይግባ፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ጊዜንም መከፋፈል ይቻላል። አሜሪካ ዮሰማይት ፓርክ ውስጥ ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት በሚፈለፍልባቸው ገደሎች ላይ መውጣት በየዓመቱ ለወራት ይከለከላል። ጫጩቶቹ በረው ሲወጡ ገደሉ ይከፈታል። ገደል የሚወጡት ሰዎችም ይህን አውቀው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ገደብ ሠርቶ አያውቅም የሚለው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ማያ ቤይን ጠቅሰዋል። ታሪኩን ግን ግማሹ ላይ አቆሙት። ባሕረ ሰላጤዋ በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍባት ነበር። የጀልባ መልሕቅና የሰው ብዛት ኮራሉን (የባሕር ወለሉን ድንጋይ መሰል ሕያዋን) ፈጀው። በሰኔ 2018 ተዘጋች። እስከዚህ ድረስ እንዳሉት ነው። መዘጋቷም ትክክል ነበር፤ ከተዘጋች በኋላ ሻርኮች ተመልሰው ታይተዋል። ታሪኩ ግን በጥር 2022 ይቀጥላል። ያኔ ተከፈተች፤ በሌላ ሥርዓት። ጀልባ ወደ ውስጥ መግባት ቀረ፤ ሰው ከደሴቲቱ ጀርባ ወርዶ በእንጨት መረማመጃ ይሻገራል። በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው ተገደበ። መዋኘት ተከለከለ። በየዓመቱም ለእረፍት የምትዘጋበት ጊዜ ተወሰነላት። ማያ ቤይ ያለ ገደብ መክፈት ምን እንደሚያደርስ አሳይታናለች። ከ2022 ወዲህ ያለው ታሪኳ ግን የሚደግፈው እኔን ነው።

ወደ ጥንታዊቷ ማቹ ፒቹ የሚወስደውን የፔሩን የኢንካ የእግር መንገድም ላንሳ። በቀን 500 ሰው ብቻ ነው የሚፈቀድለት፤ ያውም አስጎብኚዎችንና ጓዝ ተሸካሚዎችን ጨምሮ። የካቲት በገባ ቁጥር ለጥገና ሙሉ ወር ይዘጋል። ይህ ሲሠራበት ዓመታት ተቆጥረዋል።

መዝጋት የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ልክደው አልፈልግም። ኒውዚላንድ ውስጥ ካውሪ የሚባሉ ከሺህ ዓመት በላይ የሚኖሩ ዛፎች አሉ። አፈር ውስጥ የሚኖር አንድ ረቂቅ ተሕዋስ ሥራቸውን እያበሰበሰ ይገድላቸዋል። ተሕዋሱ ከቦታ ቦታ ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ በጫማ ላይ የተጣበቀ ጭቃ ነው። በ2018 በኦክላንድ አቅራቢያ ያለው የዋይታኬሬ ደን በዚህ ምክንያት ተዘጋ። እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ግን እንይ። መንገዶቹ አንድ በአንድ ተሻሻሉ። የዛፎቹ ሥር ባለበት ቦታ ጫማ አፈር እንዳይነካ መረማመጃ ተዘረጋ። መግቢያዎቹ ላይ የጫማ ማጽጃ ተተከለ። የተሻሻለው መንገድ በየተራው ተከፈተ። የዘጉት ምክንያቱን ተናግረው፣ የሚስተካከለውን ለይተው፣ ሥራውን እየሠሩ ነው። እንዲህ ከሆነ መዝጋትም ራሱ የመንገድ ሥራ አካል ነው።

የእንጨት መረማመጃውን ነገር ሳነብ ግን ተናድጃለሁ፤ አልደብቅም።

እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ድንጋያማ መንገድ አትሞክርም። አንድ ጊዜ መረማመጃ ወዳለበት ረግረጋማ ደን ወሰድኳት። ጣውላዎቹ ከመሬት ጉልበት በሚያክል ከፍታ ተነስተዋል። በጣውላና በጣውላ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት አለ። እጇን በመደገፊያው ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ወደ ታች ታይ ጀመር። የደከማት መስሎኝ ቀረብኳት። በክፍተቱ ውስጥ ብርሃን ገብቶ አንዲት እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ለጋ የፈርን ቅጠል ላይ አርፏል። አጠገቧ ትንሽ እንቁራሪት ተቀምጣለች። ‹‹እኛ ላይ ነን፣ እሷ ምንም አታውቅም›› አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

ያ እንግዲህ ከተማ የተባለው ነው። ከመሬት ከፍ ያለ መረማመጃ አፈር አያጠጥርም። ውኃው ከሥሩ ያልፋል። ብርሃንና ዝናብ በክፍተቱ ይገባሉ። እንቁራሪቷም ሳትረገጥ ትሻገራለች። ረግረግ ላይ ከእሱ የተሻለ የተፈጥሮ መጠበቂያ አላውቅም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋውም፣ እናቴም በዚያው መስመር ይሄዳሉ፤ ከመስመሩም አይወጡም። ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ሲሚንቶ እያፈሰሱ፣ መብራት እየተከሉ፣ ሙዚቃ እያስጮሁ ‹‹ተደራሽ አደረግን›› የሚሉ አሉ። እነሱን አብረን እንቃወም። ግን ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው ብቻ አጥር ዘልሎ የሚገባበት ደን ከዚህ ይሻላል ብለው እንዲያምኑ አልፈልግም። በሩ ሲቆለፍ መጀመሪያ የሚቀሩት መዝለል የማይችሉት ናቸው።

ገንዘቡ ለመንገድ ጥገና ከሚውል ለዘበኛ ይዋል ማለታቸው ከመጨረሻው ነጥብ ጋር ስለሚሄድ አብሬ እመልሰዋለሁ።

‹‹ሰው ያየውን ይወዳል›› የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ልክ ናቸው። ዛፍ ላይ ስማቸውን በቢላ የሚቀርጹ ጎብኚዎች አይቻለሁ። ያው ዛፍ ሥር ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ፍቅር በመግቢያ ትኬት አይገዛም። ግን ጎብኚ ሲቀር ደኑ ባዶ ይሆናል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ቆርጦ የሚወስድና ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው በር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ማንም እንዳያየው ብቻ ነው።

የተራራ ጎሪላዎችን እንውሰድ። ለሰው ጉብኝት እጅግ ስስ ከሚባሉት እንስሳት ናቸው፤ የእኛ ጉንፋን ይይዛቸዋል። በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ባሉት የቪሩንጋ ተራሮች የተሠራ፣ በ2011 የታተመ ጥናት ሁለት ዓይነት ቡድኖችን አነጻጽሯል። ሰው የለመዱት፣ ማለትም ተመራማሪ ወይም ጎብኚ በየቀኑ የሚሄድባቸው፣ በዓመት በአማካይ በ4.1 በመቶ ጨምረዋል። ሰው ያልለመዱት ደግሞ በ0.7 በመቶ ቀንሰዋል። ይህ የሆነው ጎብኚ ስላያቸው ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ጠባቂዎች በየቀኑ አብረዋቸው ስለሚውሉ፣ ወጥመድ የያዘውን የሚፈታና የታመመውን የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ስለሚደርስላቸው ነው። ግን ያን ሁሉ ጠባቂና ሐኪም ለማቆየት ከሚያግዘው ገንዘብ ብዙው ከጎብኚ ነው የሚመጣው። ያውም በጥብቅ ገደብ። አንድን ቡድን በቀን ስምንት ሰው ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያየዋል። የተራራ ጎሪላዎች ቁጥር በቪሩንጋና በኡጋንዳው ብዊንዲ ደን ያሉት ተደምረው ዛሬ ከ1,000 አልፏል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪሩንጋ ብቻ የቀሩት 250 ገደማ ነበሩ። ጸሐፊው ‹‹ዘበኛ ወይስ ጎብኚ?›› ብለው ጠየቁን። እዚያ ዘበኛውን ከሚያኖሩት አንዱ ጎብኚው ነው።

በተቃራኒው የሆነውንም ላስታውሳቸው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በኡጋንዳ የጎሪላ ጉብኝት ቆሞ ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መባቻ በብዊንዲ ደን ራፊኪ የተባለው የታወቀ አውራ ጎሪላ በአዳኝ ጦር ተወግቶ ሞተ። አንድ አጋጣሚ ነው፤ ከአንድ አጋጣሚ ብዙ መጭመቅ ተገቢ አይደለም። ሆኖም ጎብኚ ያልነበረበት ደን ባዶ አልነበረም።

በትንሹም ቢሆን እኔ ራሴ ያየሁት አለ። በምንጠግነው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ አንድ ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ከመንገዱ ዳር ሽቦ ሲያብረቀርቅ አይቶ ፎቶ አነሳና ለጠባቂዎቹ ላከ። የወጥመድ ሽቦ ነበር። ጠባቂዎቹ ያን ተከትለው አራት ተጨማሪ ነቀሉ። ሰውየው ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሥልጠና አልወሰደም። በየቀኑ ስለሚያልፍበት ብቻ፣ ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ዓይኑን ያዘው። ለመንገድ ጥገና የወጣው ገንዘብ የእሱን ዓይን ጭምር ነው የገዛው።

አሁን ጸሐፊው ወደጠየቁት ወደ መዝጋቱ ልመለስ። እኔም የምዘጋቸው አሉኝ። ቀደም ብዬ ባነሳሁት ጥብቅ ስፍራ ረግረጉን የሚሰነጥቀው ዱካ ነገውኑ ይዘጋ። እዚያ ቅርንጫፍ ይከመር፣ የአካባቢው ቁጥቋጦ ይተከል፣ ‹‹ይህ ቦታ እያገገመ ነው፤ መንገዱ በግራ በኩል ነው›› የሚል ሰሌዳም ይቁም። ከኮረብታው ቀጥ ብሎ የሚወርደው አሮጌ መስመርም ይዘጋ፤ ከጎኑ ግን በተራራው ጎን የሚዞር አዲስ መንገድ አስቀድሞ ይከፈት። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት የወንዙ ዳር ይከልከል፤ የሚከፈትበት ቀን በር ላይ ይጻፍ። እምብርቱ ውስጥ ማንም አይግባ፤ እኔንም ጨምሮ። ዋናው በር ላይ ያለው ሰንሰለት ግን ይፈታ። እነዚያ ሦስት የአጥር ቀዳዳዎች የሚደፈኑት ያኔ ነው።